የሴቶቹ ኩላሊት

ታናሽ ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው። እጁም ምላሱም ስለታም ስለሆነ ሰፈሩ «ምላጭ» ይለዋል። ለእሷም ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ «የአይጦች እመቤት»። ደንበኞቹ ስለ እህቱ ሲጠይቁት «ዶክተር ናት፤ በሽተኞቿ ግን ጭራ አላቸው» እያለ ያስቃቸዋል። አልዋሸም። እህቱ ቀኑን ሙሉ የምትውለው በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት፣ የእንጨት ፍቅፋቂና የሽንት ሽታ በሚያፍነው ክፍል፣ ከነጫጭ አይጦች ጋር ነው።

አይጦቹ ኩላሊታቸው ገና በልጅነታቸው የሚከዳቸው ዘር ናቸው። በሽታው ወንዶቹን ቶሎ ይጥላል፤ ሴቶቹ ግን፣ ለምን እንደሆነ አጥርቶ የሚያውቅ የለም እንጂ፣ ችለውት ይኖራሉ። ይህን በሽታ በአጋጣሚ ነው የመረጥኩት ብትላችሁ እንዳታምኗት። አባታቸውን የቀበረ በሽታ ነው፤ አሁን ደግሞ ምላጭን ይዞታል። በየሁለት ቀኑ የኩላሊት እጥበት ይሄዳል፤ ሲመለስ መቀሱን ለማንሳት እንኳ አቅም አይኖረውም።

እሷ ተመርምራ ነፃ ናት ተብላለች። ኩላሊቷም ከእሱ ጋር ይስማማል። «አንዱን ውሰድ» ብላ ስንቴ ለመነችው! እሱ እቴ፣ አሻፈረኝ አለ። «እትዬ፣ ሆድሽን አስቀድጄ አልኖርም። ይልቅ መድኃኒትሽን ጨርሺ፤ እጠብቅሻለሁ» አላት። እሱ ሲጠብቅ ሰውነቱ አይጠብቅም ነበር። ሐኪሙም ብዙ ከቆየ ለቀዶ ሕክምና የሚሆን ጉልበት እንደማይኖረው ነግሮታል።

እንግዲህ ለዓመታት ስትቀምመው የኖረችውን መድኃኒት ለአይጦቿ ሰጠች። ለግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ለግማሾቹ ውሃ ብቻ። መድኃኒቱ ኩላሊታቸው ውስጥ ምን እንደሠራ ለማወቅ ደግሞ በሌላ ከተማ ያለ አንድ የላቦራቶሪ ማዕከል አለ፤ ናሙና ለላከለት ሁሉ ያነብለታል። ከኩላሊቱ ቁራጭ ውስጥ ጂኖች የሚልኩትን መልእክት ያወጡና፣ የሚያበራ ቀለም ቀብተው፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ በተደረደረበት መስታወት ላይ ያፈሱታል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ የአንድ ጂን ነው። ደምቆ ከበራ ያ ጂን እየጮኸ ነው፤ ከፈዘዘ ዝም ብሏል። መስታወቱን ቺፕ ይሉታል።

የላከችው የወንዶቹን ብቻ ነበር፤ የሚሞቱት እነሱ ናቸውና። ብልቃጦቹን በደረቅ በረዶ ሸፍና፣ ሳጥኑን አሽጋ፣ ለጭነት ሠራተኛው «አደራ፣ ፀሐይ እንዳይነካው» አለችው። ሰውየው ዓሣ መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ አፍንጫውን ይዞ ሄደ።

የመጀመሪያው ውጤት ሲደርሳት ዓይኗን ማመን አቃታት። ውሃ በጠጡት አይጦች ውስጥ የሚጮኹት፣ ኩላሊቱን የሚያደነድኑት የጠባሳ ጂኖች፣ መድኃኒት በወሰዱት ውስጥ ጭጭ ብለዋል። ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ፀጉር ቤቱ በረረች። «ይሠራል» አለችው። ምላጭ ፊቱ በራ፤ በነጋታውም ሐኪሙን «ቀዶ ጥገናውን ተወው፣ እህቴ መድኃኒት አግኝታለች» አለው። ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እሷ አሳምራ ታውቃለች። ግን ደስታውን መንጠቅ አንጀቷ አልቻለም፤ ዝም አለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከዚህ በኋላ ከሆነው ሁሉ ይህ ዝምታ ይብሳል።

ብዙም ሳይቆይ ከማዕከሉ ተደወለ። ቺፑን የሚያነበው ጎልማሳ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ናሙናዎቹ ሁሉም ወንድ ናቸው አይደል?»

«አዎ፣ ሁሉም።»

«ውሃ የጠጡት ወንዶች ናቸው። መድኃኒት በወሰዱት ላይ ግን፣ በሴት አካል ውስጥ ብቻ የሚጮኸው ጂን ይጮኻል። ባንዱ አይደለም፤ በሁሉም።»

«እዚያ እናንተ ጋ ተቀያይሮ እንዳይሆን?» አለች፤ ድምፅዋ ሻከረ።

ሰውየው አልተቀየማትም። «እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበር። ደግሜ አየሁት፤ ያው ነው» አላት።

ስልኩን ዘጋች። ናሙናውን ያዘጋጀችበት ቀን ድንገት ትዝ አላት። ውሃ የጠጡትን ከአንድ ቀን በፊት ጨርሳ፣ ያን ዕለት መድኃኒት የወሰዱትን አይጦች ኩላሊት አውጥታ በብልቃጥ ከታ፣ በረዶው ላይ በሁለት ረድፍ ደርድራ ነበር፤ የወንዶቹ በአንድ ረድፍ፣ የሴቶቹ በሌላው። አሠራሯ ሁሌም ለወንድ ሰማያዊ ክዳን፣ ለሴት ቀይ ክዳን ነው። ልትከድን ስትል ስልኩ ጮኸ፤ ምላጭ ደንበኛ እየላጨ ሳለ ተዝለፍልፎ ወድቋል። ክዳኖቹን እየተጣደፈች ጠቀጠቀችና እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች። ሰማያዊው በሴቶቹ፣ ቀዩ በወንዶቹ ላይ ገብቶ ቀረ። በማግስቱም «ወንድ»፣ «ሴት» ብላ የጻፈችባቸው ክዳናቸውን እያየች ነው።

እንግዲህ ያ ሁሉ ደስታ መድኃኒት አልነበረም። ያየችው ያለ መድኃኒትም በሽታውን የሚችሉትን የሴት አይጦች ኩላሊት ነበር።

ቀይ ክዳን ያላቸውን ላከች። እስኪነበቡ ድረስ ምላጭ እየደወለ «ምን ደረሰ?» ይላታል፣ «እየደገምን ነው» ትለዋለች። በመጨረሻ መልሱ መጣ። መድኃኒት የወሰዱት ወንዶች ውሃ ከጠጡት በምንም አይለዩም። የጠባሳ ጂኖቻቸው እኩል ይጮኻሉ።

ዕለቱን ፀጉር ቤት ሄደች። ደንበኛ አልነበረም። ምላጭ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተንጋሎ ነበር፤ እግሩ አብጦ ጫማውን አውልቋል። ቁና ቁና የሚለው ትንፋሹ ከበር ይሰማል። ዓይን ዓይኑን እያየች ሁሉንም ነገረችው፤ ክዳኑንም፣ ስልኩንም፣ መድኃኒቱ ቢሠራ ኖሮ እንኳ ለእሱ እንደማይደርስለትም። የሚቆጣት መስሏት ነበር።

«ስለዚህ ያለ ምንም መድኃኒት የቻሉት ሴቶቹ ናቸው» አለ፤ ሊስቅም ቃጣው።

«ሴቶቹ ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተስፋ ሰጥቼህ...»

«ተይው። እኔ እኮ መድኃኒቱን አምኜ አልነበረም» አላት። «እምቢ የምልሽ ምክንያት ስፈልግ አንቺው ይዘሽልኝ መጣሽ። አባባን ቀብረናል፤ እኔን ብትቀብሪኝ አንቺ ትቀሪያለሽ። በእኔ ሰበብ አንቺ ብትሞቺስ? እማማን ምን እላታለሁ?»

አጠገቡ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ክርክር አዘጋጅታ መጥታ ነበር፤ ሁሉንም ተወችው።

«ምክንያትህ አልቋል» አለችው።

«አልቋል» አለ። ጫማውን በእግሩ ፈለገ፤ ማግኘት ሲያቅተው ተወው። ከዚያ ሐኪሙ ነገ ይኖር እንደሆን ጠየቃት። ይኖራል አለችው።

«ሲቀድዱሽ ያምሻል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ኧረ ምንም» ትለው ነበር።

«አዎ፣ ያመኛል» አለችው።

ያን ጊዜ ነው ምላጭ ከታመመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰው።