ያልዛገው መዳፍ

የአባቴ የጭነት መኪና ቀለሟ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ እንደምትጠይቁት ሰው ነው። አባቴ «ሰማያዊ» ይላችኋል፤ ሲገዛት ሰማያዊ ስለነበረች እስከ ቂያማ ቀን ሰማያዊ ናት። እናቴ «ቡናማ» ትላለች። ጎረቤታችን የሆነችው የአኙዋ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ ደግሞ «የናንተ መኪና ቀለም የላትም፤ ዝገት ነው የለበሰችው። እሱን ካወለቃችሁባት ራቁቷን ትቀራለች» ትለኛለች። እናደዳለሁ። እውነቷን ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ እናደዳለሁ።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ወደ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ እህል የሚያመላልሱ መኪናዎች ይፈለጋሉ ተባለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ያልጨረሰውን ሻይ አስቀምጦ ተነሳ። መኪናችን ከአምና ጀምሮ አሸዋ ከማመላለስ በቀር ሥራ የላትም፤ አሸዋውም በየሳምንቱ አይገኝም። ማታ አባቴ እኔ እንዳልሰማ ብሎ፣ ግን ሰፈሩ በሙሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ይሄ ካልተሳካ እሸጣትና መቲ አባቴ ጋ እንገባለን። ሽማግሌው ቡናውን ብቻውን አልቻለውም» አላት ለእናቴ።

ስለ መቲ ክፉ አልናገርም። ነፋሻ ነው፣ ጫካ አለው፣ ቡና አለው፣ አያቶቼ አሉበት። ጋምቤላ ላይ ሙቀቱን ሲራገም የሚውል ሰው ሁሉ የሚመኘው እንደዚያ ያለ አገር ነው። እኔ ግን ሙቀቱን መራገም የምፈልገው እዚሁ ሆኜ ነው። ጓደኛዬ እዚህ ናት፤ ባሮ እዚህ ነው፤ ትምህርት ቤቴ እዚህ ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን የጻፍኩትን ድርሰት ለክፍሉ ጮክ ብሎ ያነበበው ገና ዘንድሮ ነው። ሰው በታወቀ ማግስት ከተማ ይለቃል እንዴ?

ችግሩ መኪና የሚመርጠው ሰውዬ ነበር። ሰውዬው በከተማው የሚታወቀው በቁልፉ ነው። አምና አንድ የሰፈራችን ሰው ዝገቱ ላይ ቀለሙን ደፍቶበት መኪናውን አቀረበ። ከሩቅ ስትታይ ሙሽራ ትመስል ነበር። ሰውዬው ከኪሱ የቤት ቁልፍ አወጣና በሩን ጫር ቢያደርገው ቀለሙ ከነዝገቱ ተቀርፍፎ ወደቀ። «ዝገት የደበቀ የፍሬን ብልሽትም ይደብቃል» ብሎ ወደሚቀጥለው መኪና አለፈ። ስለዚህ ዝገቱ መሸፈን ሳይሆን መነሳት ነበረበት፤ ያውም ሰውዬው ሊያያት እስከሚመጣበት እስከ ሰኞ።

አባቴ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ቀለም የሚቀባ ታናሽ ወንድም አለው። ተደወለለት፤ በአውሮፕላን መጣ። ልንቀበለው አውሮፕላን ማረፊያ የሄድነው በራሷ በበሽተኛዋ ነው። አጎቴ በቆዳ ጃኬት፣ በዚያ ሙቀት፣ እየተንጎማለለ ወጣና መኪናዋን ሲያይ ቆመ።

«ወንድም ጋሼ፣ ከወንዝ ነው ያወጣሃት?»

«ግባ ዝም ብለህ።»

«በሩ አይከፈትም እኮ።»

«የሚከፈተው ከውስጥ ነው» አልኩት እኔ።

«ታዲያ ውስጥ ማን ይገባና?»

በመስኮት ገብቼ ከፈትኩለት። ለኔ የለመድኩት ነው። እሱ ግን እቤት እስክንደርስ ጃኬቱን ዝገት እንዳይነካበት በሩን እየሸሸ ተቀመጠ።

እቤት እንደደረስን ግን ሥራው ታወሰው። በመኪናዋ ዙሪያ እየዞረ፣ በጣቱ እያንኳኳ፣ እንደ ሐኪም ያዳምጣት ጀመር። «ዝገት ሁለት ዓይነት ነው» አለ። «ብረቱን በልቶ የጨረሰ አለ፤ እሱ ተቆርጦ ይጣላል። ላዩ ላይ የተኛ ደግሞ አለ፤ ይሄ ይፋቃል። የናንተው የተኛ ነው። ብዙ ነው እንጂ የተኛ ነው።» አባቴ ልጁ ከሆስፒታል የወጣለት ያህል ተነፈሰ።

መፋቂያ ማሽን ተዋስን። ማሽኑ እንደመጣ መብራት ሄደ። ይሄ የጋምቤላ ሕግ ነው፤ ማንም አልተገረመም። ስለዚህ የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ተከፋፈልን፤ አባቴ የጭነት ሳጥኑን ግድግዳ፣ ስፖንዳውን፤ አጎቴ ጋቢናውን፤ እኔ የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን ያዝን። ዝገት ስትፍቁ መጀመሪያ ቀይ አቧራ ይነሳል፤ አፍንጫችሁ ውስጥ ይገባል፤ ላብ ሲነካው ደግሞ ፊታችሁ ላይ ይጋገራል። ከዚያ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። እሱንም በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ስታሹት ድንገት ከስር ጥርት ያለ ብረት ታያላችሁ። የመጀመሪያውን ብልጭታ ሳይ ወርቅ ያገኘሁ መስሎኝ ጮህኩ።

ጓደኛዬ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ታየኛለች።

«ምን አገኘሽ?»

«ብረት!»

«መኪና ውስጥ ብረት አገኘሽ? ጎበዝ። ነገ ባሮ ውስጥ ውኃ ታገኚያለሽ።»

ሰደብኳት። መጥታ ሌላ ብርጭቆ ወረቀት አንስታ አጠገቤ ቆመች፤ እንደዚህ ናት፣ ሳትሳደብ አታግዝም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መኪናዋ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ተፍቃ አለቀች። ወላሂ ታምር ነበረች፤ ዓይን ታፈዛለች። አባቴ በጭቃ መከላከያው ላይ ጺሙን አይቶ አስተካከለ። ከዚህ በኋላ ነው አጎቴ የአዲስ አበባ እውቀቱን የመዘዘው።

«አሁን ትታጠባለች» አለ።

«በምን?» አለ አባቴ።

«በውኃና በዱቄት ሳሙና ነዋ! አቧራው መውጣት አለበት። ታጥባ ትደር፣ ብረቱ ይተንፍስ፤ ጠዋት የዝገት መከላከያውን እንቀባታለን። እኛ ጋ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው።»

እነሱ ጋ፣ ማለትም ጣሪያ ያለው ደረቅ ጋራዥ ውስጥ፣ እርጥበት በሌለበት አየር፣ ብረት ታጥቦ ይተነፍሳል፤ አምናለሁ። እኛ ጋ በክረምት አንሶላ ራሱ ሌሊቱን ይረጥባል፤ ጨው በዕቃው ውስጥ ውኃ ይሆናል። ይህን አባቴም ያውቃል፣ እናቴም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ሰውየው በአውሮፕላን መጥቷል። በአውሮፕላን ከመጣ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? አጠብናት። እንደ ሕፃን አጠብናት፣ በጨርቅ አደረቅናት፣ ዝናብ እንዳይመታት ሸራ አለበስናት።

ሸራውን ከማልበሳችን በፊት እናቴ የባሮ ዓሣ ጠብሳ ጠራችን። እኔ ኮፈኑ ላይ ተቀምጬ የሸራውን የጎማ ማሰሪያ እየፈታሁ ስለነበር ሳህኔ እዚያው መጣልኝ። ዓሣውን በላሁ፤ አጥንቱን ለድመታችን ጣልኩ፤ ከዚያ ለመውረድ መዳፌን ኮፈኑ ላይ አሳርፌ ዘለልኩ።

«አንቺ ልጅ!» አጎቴ የጮኸው ጩኸት መኪናዋ እግሩ ላይ የሄደችበት ነበር የሚመስለው። «በዘይት እጅሽ! ብረት ላይ! ቅባት የነካው ቦታ ቀለም እንደማይዝ አታውቂም?»

«አሁን አወቅኩ፣ ጋሼ።»

«አሁን አወቀች! ይሄን እጅ ቆርጦ ለድመቷ መስጠት ነበር።»

መዳፌ አምስት ጣቱን ዘርግቶ ኮፈኑ መሃል ተቀምጧል። አጎቴ ሊጠርገው ቅባት የሚያነሳውን ቲነር ሲፈልግ የመግሪብ አዛን ተሰማ። «ጠዋት ይጠረጋል» ብሎ እየተነጫነጨ ሄደ።

ጠዋት መጀመሪያ ሸራውን የገለጠው አባቴ ነው። ሸራውን ከእጁ ጣለው። ድምፁን ሰምተን ሁላችንም ወጣን።

መኪናዋ በርበሬ የተነሰነሰባት ይመስል ነበር። ስፖንዳው፣ በሩ፣ ጋቢናው፣ አባቴ ጺሙን ያየበት የጭቃ መከላከያ ሳይቀር፣ ሁሉም ቀጭን ብርቱካንማ ዝገት ለብሷል። ክንዳችን እስኪዝል የፋቅነው ሁሉ በአንድ ሌሊት ተመልሶ መጥቷል፤ ያውም ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ።

«ተነፈሰች» አለች እናቴ።

አጎቴ ዙሪያዋን ሁለቴ ዞራት። ጃኬቱን ሳይለብስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ትከሻው ድንገት አነሰብኝ። አባቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና «መቲ ያለውን ቤት ጣሪያውን ማደስ አለብን» አለ፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሱ ነው።  በልቤ ባሮን መሰናበት ጀምሬ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ጓደኛዬ። እሷ አጥሩን አልፋ ኮፈኑ ጋ ደርሳለች።

ሄጄ አየሁ። በዚያ ሁሉ በርበሬ መሃል አንድ እጅ ያበራል። አምስት ጣት፣ መዳፍ፣ የትንሿ ጣቴ ጠማማነት ሳይቀር፤ ልክ እንደተፋቀ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት። ከመኪናዋ ሁሉ ያልዛገው የኔ እጅ ብቻ ነው! መሳቅ እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ግን ሳቄ አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ ለድመቷ የምትሰጠው እጅ የቱ ነበር?»

አጎቴ መጥቶ ጎንበስ አለ። ብዙ አየው። እልኸኛ ነው እንጂ ቂል አይደለም። «ቅባት ሸፍኖት ስላደረ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህ አገር ብረት ባዶውን አያድርም ማለት ነው። ባዶውን ምሳ ሰዓትም አይደርስም።»

«ታዲያ ሁሉንም ዓሣ እንቀባው?» አልኩ።

«ዝም በይ አንቺ! ዓሣ የተቀባ ላይ ቀለም አይይዝም ብያለሁ። ዝገት መከላከያውን ወዲያው ነው መቀባት። መኪናዋን በሙሉ ፍቀን ሳይሆን፣ አንድ በር ፍቀን፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርገን፣ በቲነር ወልውለን፣ እዚያው መቀባት። ከዚያ ሌላውን በር። ውኃ የሚባል ነገር እንዳላይ!»

«እኛ ጋ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው» አለች እናቴ፣ ድምፁን አስመስላ። አባቴ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ሳቀ፤ ሳቁም አስነሳው።

አዲሱ ዝገት ስስ ስለነበር ቶሎ ተፋቀ። እኔና ጓደኛዬ ከፊት እየፋቅን፣ አባቴ እየጠረገ፣ አጎቴ ግራጫውን የዝገት መከላከያ ከኋላችን እየቀባ ያሳድደናል። ደመና በመጣ ቁጥር ሸራ፣ በሄደ ቁጥር ብሩሽ። ኮፈኑ ጋ ስንደርስ እጁ ያለበትን ዘለልነው፤ ንጹሕ ነዋ፣ ምኑ ይፋቃል? አጎቴ አባቴ በቲነር የጠረገው መስሎታል፤ አባቴ አጎቴ የጠረገው መስሎታል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ትልልቆች ሲሠሩ ጣልቃ የማልገባ ጨዋ ልጅ ነበርኩ። ማታ ሲደርስ መኪናዋ ግራጫ ሆነች፤ እሑድ ሰማያዊ። አባቴ «አላልኳችሁም? ሰማያዊ ናት» አለ።

ሰኞ ሰውዬው መጣ። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። ለአባቴ ሰላምታ ሰጠ፤ ጎማ አየ፤ መብራት አስበራ፤ ፍሬን አስያዘ። ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አጎቴ ወደ ሰማይ ማየት ጀመረ።

በሩን ጫር አደረገ። ቀጭን መስመር ብቻ። የጭቃ መከላከያውን ከስር ጫር አደረገ። አሁንም መስመር። አባቴ መተንፈስ ጀመረ። ሰውዬው ቁልፉን ሊመልስ ሲል ኮፈኑን አየና፣ መሃሉን፣ ከዚያ ሁሉ ስፋት ልክ መሃሉን ጫረው።

ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብድግ አለ።

ሰውዬው በጥፍሩ ይዞ ሳብ አደረገው። መጀመሪያ አውራ ጣቴ ወጣ፣ ከዚያ መዳፌ፣ ከዚያ ሌሎቹ ጣቶች ተራ በተራ፣ ከነግራጫው። አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ መቲ በዝናብ ቡና ስለቅም ታየኝ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?» አለ ሰውዬው፣ ሰማያዊውን እጅ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

አባቴ መዋሸት አይችልበትም። «የልጄ እጅ ነው» አለ።

ሰውዬው እኔን አየኝ፤ እጄን አየ። ከዚያ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ አለ። ብረቱ ያበራል። በጣቱ ዳበሰው፣ ጣቱን አየ፤ ምንም ቀይ የለም። አሸተተው።

«ዓሣ ዓሣ ይላል።»

«የባሮ ነው» አልኩ። ምን ልበል?

«ከሥር ዝገት የለም» አለ ለራሱ። «ሌላው ቦታስ እንደዚህ ነው?»

«ጌታዬ!» አጎቴ ፈነዳ። «ሌላው ቦታማ በሥርዓት ነው የተሠራው! በአላህ፣ የትም ይጫሩት! እዚህ ቦታ ብቻ ነው እቺ ልጅ…»

ሰውዬው ሳቀ። እሱም ይስቃል ለካ። «ከተማው ውስጥ ስጭር የምሰማው መሐላ ነው፤ ከቀለም ሥር ንጹሕ ብረት ያየሁት ግን ዛሬ ነው» አለና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ይቺን ያስተካክሉና ረቡዕ ለጭነት ይምጡ።»

ሰውዬው ከግቢው ሳይወጣ አጎቴ ጀመረ። «ቅባት ላይ ቀለም አይይዝም አላልኩም? አላልኩም?»

«ጋሼ፣ ባይላጥ ኖሮ ብረቱን መቼ ያይ ነበር?»

«መላጡን እንደ ሥራ ቆጠረችው!»

«ታዲያ መቲ አትሄጂም?» አለችኝ ጓደኛዬ በአጥሩ ላይ።

«አልሄድም።»

«ተይው ኩራቱን። የበላሽው ዓሣ ነው ያዳነሽ፣ አንቺ አይደለሽም።» ይህን ብላ ግን የአጥሩን እንጨት እስኪንቀጠቀጥ ትነቀንቀው ነበር፤ ደስ ሲላት እንደዚያ ታደርጋለች።

ከሰዓት በኋላ እጁን የምናጠፋበት ጊዜ ደረሰ። ብርጭቆ ወረቀቱን ይዤ ስጠጋ አጎቴ መንገዱን ዘግቶ ቆመ።

«እጅሽን።»

ዘረጋሁለት። በሁለቱም በኩል አገላብጦ አየው። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው።

«ሂጂ በሳሙና ታጠቢ» አለ። ታጥቤ መጣሁ። እንደገና አሸተተው። «ድገሚው።»