ጥቁሩ ዱቄትና የቦንጋ እርጥበት

ቦንጋ ቴክኒክ ኮሌጅ አስተምር ነበር። የማስተርስ ኮርሴን አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ጨርሼ የመመረቂያ ሙከራው ብቻ ቀርቶኛል። ሙከራው ሲወራ ቀላል ነው፦ ናኖ የሚባለውን ከጭስ የደቀቀ የካርቦን ዱቄት ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ሙጫ ውስጥ መበተን፣ ሬዚኑን ከካርቦን ክር በተሸመነ ጨርቅ ላይ መቀባት፣ ሲደርቅ ጠንካራ ሰሌዳ ማግኘት። ዱቄቱ እኩል ካልተበተነ ግን እያንዳንዱ ጓል የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። የኔ ጓጎለ። ደግሜ ሠራሁ፤ ጓጎለ። ወርክሾፑን የሚጋሩኝ የእንጨት ሥራ አስተማሪ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ባለፉ ቁጥር «ገንፎሽ አልበሰለም?» ይሉኛል። ውስጤ እያረረ እስቅላቸዋለሁ።

አማካሪዬ በስልክ ቁርጡን ነገሩኝ። «የቀረሽ ዱቄት ለአንድ ሙከራ ነው፤ እሱም ከከሸፈ ርዕስ ትቀይሪያለሽ። ያለ መበተኛ ማሽን፣ ቦንጋ ተቀምጦ ይሄ ሥራ አይሆንም።» ርዕስ መቀየር ማለት ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ግን ያንገበገበኝ «ቦንጋ ተቀምጦ» የምትለዋ ነበረች።

ቤቴ ገብቼ ወጥ ልሠራ ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ጨው ሳወርድ እጄ ቀጥ አለ። ቦንጋ ዝናቡ ስለማያባራ ጨው ከእሳት ከራቀ ውሃ ይሆናል፤ በመጣሁ ሰሞን አከራዬ እትዬ እየሳቁ አስተምረውኛል። ለጨው ሙቀት የምፈልግ ሴትዮ፣ ያን የመሰለ ዱቄት የቆርቆሮውን ክዳን ከፍቼ እርጥብ መስኮት ሥር አስቀምጬዋለሁ! እርጥበት ጠጥቶ ባይጓጉል ነበር የሚገርመው። ብቻዬን ሳቅኩ።

ጠዋት የዱቄቱን ቆርቆሮ ይዤ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍል ሮጥኩ። የተጠመጠመ ሞተር ቫርኒሽ የሚያደርቁበት ምድጃ አላቸው፤ እዚያ ከተትኩት። ደርቆ ሲወጣም እንደ በፊቱ ሬዚን ላይ አልዘረገፍኩትም። አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ በትንሽ ሙቀጫ ጥቂት ሬዚን ጠብ አድርጌ፣ ወፍራም ሊጥ እስኪመስል ክንዴ እስኪዝል አሸሁት፤ ከዚያ ነው ቀስ በቀስ ያቀጠንኩት። መስታወት ላይ ስስ አድርጌ ቀብቼ ወደ ብርሃን አነሳሁት። አንድም ጓል የለም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሬዚኑን ጨርቁ ላይ ቀብቼ ሰሌዳው ሲደርቅ፣ ለፍተሻ ናሙና ቆርጬ ከተረፈው ቁራጭ ጋሼ አንዱን ሁለት በርጩማ ላይ አጋድመው ወጡበት። ሰውየው ግዙፍ ናቸው። ጎበጠ፤ ሲወርዱለት ተመልሶ ቀጥ አለ። «አሁን በሰለ» አሉና ጨበጡኝ።

ናሙናውን ለፍተሻ አዲስ አበባ ላክሁ። ውጤቱ የወጣ ዕለት አማካሪዬ ራሳቸው ደወሉ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

«እንዲህ አድርገሽ የበተንሽው የት ላቦራቶሪ ገብተሽ ነው?»

«ቦንጋ ተቀምጬ» አልኳቸው።