ስምንት ቀን የቆየችው ጄሶ

እትዬ ብርቄ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ስቱኮ ሲያለብሱ ኖረዋል። ከቦሌ እስከ ለሚ ኩራ እጃቸው ያልነካው ፎቅ ጥቂት ነው። ሥራ ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳውን በጉንጫቸው ይዳስሱታል፤ መዳፋቸው ከብርጭቆ ወረቀት ብዛት ደንዝዟል። እኔን ደጀኔን የስፓቱላ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በትምህርታቸው ምን እንደሠራሁበት ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ለሚ ኩራ ስንሠራ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ባለ ቤት፣ የሳሎኑ ምሰሶ ላይ ከፀጉር የማይወፍር ስንጥቅ አገኙ። እትዬ ብርቄ እንዲህ ያለውን ዝም ብለው አይደፍኑም። ስንጥቁን አሻግረው ጣት የምታህል ጄሶ ለጠፉና ቀኑን በእርሳስ ጻፉባት። ጄሶ አይለጠጥም፤ ምሰሶው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። በስምንተኛው ቀን ለሁለት ተከፍላ አገኘናት።

«ይሄ ይራመዳል። መሐንዲስ ሳያየው አልነካውም» አሉ።

ፎርማኑ ዓለምሰገድ ጮኸባቸው። «አንቺ ሴትዮ፣ የተቀጠርሽው ልትቀቢ ነው ልትመረምሪ? ቅዳሜ ርክክብ ነው!»

አንቺ! እናቱ የሚሆኑትን ሴት! ባልዲያቸውን አስቀምጠው ወጡ። እኔስ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያለው ማነው? እኔ ዝም ብዬ ስንቱን ዋጥኩ! ጄሶዋን ፋቅሁ፣ ሦስት ጊዜ የሚለጠጥ ስቱኮ አለበስኩ፣ አለሰለስኩት። ሆዳም!

ቅዳሜ ገዢዋ፣ ተናኜ የምትባል አስተማሪ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። እትዬ ብርቄ በር ላይ ጠብቀው እጇን ይዘው ወደ ምሰሶው አመጧት።

«ልጄ፣ ይሄ ተሰንጥቋል። ሳታስመረምሪ እንዳትፈርሚ።»

ተናኜ ዳሰሰችው። ምንም የለም። ዓለምሰገድ ሳቀ፤ «አባረርኳት፣ ቂም ይዛ ነው» አለ። እትዬ ብርቄ ጉንጫቸውን ምሰሶው ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ዞረው አዩኝ።

«ደጀኔ፣ ያንተ እጅ ነው። ጥሩ አድርገህ ሠርተኸዋል።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ተናኜ እስክሪብቶዋን አወጣች። እኔም ስፓቱላዬን መዝዤ ያለሰለስኩትን ከላይ እስከ ታች ቧጨርኩት። ዓለምሰገድ ይጮሃል፣ እኔ እቧጭራለሁ። ስንጥቁ ከስር ወጣ፤ አሁን ጥፍር ያስገባል።