የእማማ ሳህሊቱ ጥርት ያለ ፎቶ

ባሌ ቶማ እጁ ይንቀጠቀጣል። መጠጥ እንዳይመስላችሁ! ጠላ እንኳ ቀምሶ የማያውቅ የጸሎት ቤት ሰው ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። ግን የሶዶን ከተማ ማን ያሳምናታል? እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ ሴቶቹ ከንፈር ይመጡልኛል። «እናንተ የራሳችሁን ባል ጠብቁ» ብያቸው እሄዳለሁ።

ሥራው ደግሞ ፎቶ አንሺነት ነው፤ ፎቶ ቤታችን መናኸሪያው አጠገብ ነው። ጉርድ ፎቶ ሲሆን ካሜራውን ስታንድ ላይ ይሰካል፣ ፍላሽም አለ፣ ችግር የለም። መከራው ሰርግ ነው። ካሜራውን በእጁ ይዞ ሲሯሯጥ ይውልና፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ስከፍተው ሙሽራዋ ሁለት አፍንጫ ይዛ ትመጣለች። ስድቡን የምሰማው እኔ ነኝ።

በሁለት ሺህ ሁለት፣ በምርጫው ዓመት፣ አንድ ጓደኛው ከአዲስ አበባ ሌንስ አመጣለት። ጎኑ ላይ ትንሽ ማብሪያ አለችው። ስትበራ ውስጡ ያለው መስታወት እጅ ወደዚህ ሲሄድ እሱ ወደዚያ እየሄደ ምስሉን ያረጋጋዋል አሉ። ወሬ ነው ብዬ ነበር። ቶማ ያለ ስታንድ፣ ያለ ፍላሽ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ አነሳኝ። ሽፋሽፍቴ አንድ በአንድ ታየ።

«አስኒ፣ እጅ አገኘሁ!» ብሎ ዘለለ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ወዲያው ያሰበው እናቱን ነው። እማማ ሳህሊቱ ገጠር፣ ዱቦ ነው የሚኖሩት። አባቱ ሲሞቱ ለለቅሶው ከመታወቂያቸው ላይ ያሳደግነው ፎቶ ደብዝዞ፣ አንዱ ለቀስተኛ «ሟቹ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። እማማ ይህን አልረሱትም። ቶማን ባገኙት ቁጥር «ያገሩን ሰው ሁሉ እያነሳህ፣ እኔን እንደ አባትህ አደብዝዘህ እንዳትቀብረኝ» ይሉታል። ፎቶ የሚባል የላቸውም። ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ ፍላሽም የደጅ ፀሐይም ያማቸዋል። ስታንዱን ሲያዩ ደግሞ «ይሄን ጠመንጃህን አንሳልኝ» ብለው ጓሮ ይገባሉ። ሐኪም ልባቸው ደክሟል ያለ ጊዜ ቶማ ምግብ አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ ሌንሱን ይዘን በሚኒባስ ሄድን፤ የቀረውን በእግር። እማማ ከበሩ ገባ ብለው ጎዳሬ ይልጣሉ። በበሩ በሚገባው ብርሃን ብቻ አነሳቸው። ብናየው ግድግዳው ጥርት ብሏል፣ የተሰቀለው ወንፊት ቀዳዳው ሳይቀር ይታያል፤ እማማ ግን ጭስ ሆነዋል። ለካ ሌንሱ የሚያረጋጋው የቶማን እጅ እንጂ እሳቸውን አይደለም። ቤቱ ጨለም ስለሚል ካሜራው ቶሎ አይዘጋም፤ በዚያ መሃል እሳቸው ይስቃሉ፣ ዶሮ ያባርራሉ፣ ለጎረቤት ይመልሳሉ።

«እማዬ፣ በናትሽ አንዴ እንኳ አትንቀሳቀሺ!»

«ታዲያ ጎዳሬውን ማን ይላጠው? አንተ?»

በየቅዳሜው ተመላለስን። ግድግዳው ጥርት፣ እማማ ጭስ። እኔ የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በቃሌ ያዝኩት።

አንድ ቅዳሜ እማማ ደክሟቸው ነበር። ቢላዋቸውን እንደያዙ ግድግዳውን ተደገፉ፣ ወደ እጃቸው እያዩ። እኔ በሩ ጋ ዕቃ አጥባለሁ። ቶማ ቀስ ብሎ ካሜራውን አነሳ።

«አስኒ! ነይ እዪ! ጥርት!»

እጄን ጠራርጌ ሄድኩ። እውነትም ጥርት ብለዋል። የሻሻቸው ክር፣ ጥፍራቸው ላይ የደረቀው አፈር፣ ግማሽ የተከፈተው ዓይናቸው። «ተባረኪ እማዬ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» እያለ ሌላ አነሳ። እሱም ጥርት። ሌላ አነሳ። ጎዳሬው ከጭናቸው ወድቆ ተንከባሎ እግሬ ጋ ደረሰ። አላነሱትም፣ አላዩትምም።

«ቶማ፣ ካሜራውን አስቀምጠው» አልኩት።

«ቆይ፣ አንድ ልጨምር፤ ዛሬ ገና እሺ አለችኝ» አለ።

ለእማማ ለቅሶ ያንኑ ጥርት ያለውን አሳድጌ አጠብኩት። ሌላ ምን አለን? ሰው ከፍ አድርጎ እየያዘው አለቀሰ። «አቤት ፎቶ! ሊያናግሩን እኮ ነው የሚመስለው!» እያሉ የቶማን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። እሱ አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ ደንዝዤ ቆምኩ። እንባ ቢመጣልኝ ጥሩ ነበር፤ አልመጣም። እስከ ዛሬም አልመጣም።

ከለቅሶው በኋላ ቶማ ከደበዘዙት አንዱን እጠቢልኝ አለኝ። አጠብኩለት። ፎቶ ቤታችን ውስጥ ከመስተዋቱ በላይ ሰቀለው። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የሚመጣ ሁሉ ቀና ይልና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተበላሽቷል፤ እጅዎ ነው?» ይለዋል።

«እጄ አይደለም፤ ግድግዳውን እየው» ይለዋል ቶማ። «የተንቀሳቀሰችው እናቴ ናት።»

እኔ የሰውየውን ጉርድ ፎቶ እቆርጣለሁ።