የጠመኔ ቤተ ሙከራ

«ከዚያ አካባቢ የሚመጡት ልጆች ሳይዘጋጁ ነው የሚመጡት» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ማን ሊያዘጋጃቸው ነበር? እኔ እዚያው ቤኒሻንጉል፣ መንጌ አካባቢ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን በሩ ላይ «ቤተ ሙከራ» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል አለው። ውስጡ እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች ተቆልለውበታል። ዕቃ ይሟላልን ብዬ ስንት ጊዜ አመለከትኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ስለዚህ ሙከራውን በጠመኔ ነው የምንሠራው። ቡሬት የሚባለውን፣ ጎኑ ላይ ቁጥር ያለውን ረጅም የመስታወት ቱቦ፣ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። አሲዱ እየተንጠባጠበ ወርዶ ቀለሙ የት ላይ እንደሚለወጥ በጣቴ አሳያለሁ። «ንባቡ ሃያ አራት ነጥብ አምስት» እላለሁ። ተማሪዎቼም «ሃያ አራት ነጥብ አምስት ሆኖ አየን» ብለው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ምንም ያየ የለም። ሌላ ቁጥር የጻፈ ግን ማርክ ይቆረጥበታል፤ ቆራጩም እኔው ነኝ።

ከተማሪዎቼ አንዷ፣ እቤቷ በርታኛ የምትናገር ጎበዝ ልጅ፣ ራቅ ያለ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አንደኛ ዓመት ላይ ኬሚስትሪ ከወደቀች መሰናበቷ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ።

«ቲቸር፣ የኬሚስትሪ መምህሬ በላብ ፈተና ዜሮ ሰጠኝ። ውጤቱን ከራስሽ ፈጠርሽ አለኝ። ሃያ አራት ነጥብ አምስት ነው የጻፍኩት።»

ክው አልኩ። የመምህሯን ስልክ ተቀብዬ ደወልኩ።

«ትክክለኛው ንባብ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ነው፤ አሲዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አለኝ። «ልጅቷ ዋሽታለች።»

«አልዋሸችም። ያን ቁጥር ያስያዝኳት እኔ ነኝ» አልኩት። የሰሌዳዬንም የዴስክ መጋዘን የሆነውን የቤተ ሙከራችንንም ጉድ አንድ በአንድ ነገርኩት።

ሰምቶ ሲያበቃ «ያሳዝናል፤ ግን ውጤቱ ገብቷል» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። በእሱ ተናደድኩ፣ ማመልከቻዬን ባፈኑት ተናደድኩ፣ በራሴ የተናደድኩት ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

በዚያው ዜሮ ኬሚስትሪ ወድቃ፣ ተሰናብታ መጣች። ከአሶሳ ሚኒባስ እንደወረደች ሻንጣዋን ይዛ በቀጥታ ትምህርት ቤት ነው የመጣችው። የላብ ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። ሃያ አራት ነጥብ አምስት ከተጻፈበት መስመር ከፍ ብሎ አንድ የተሰረዘ ቁጥር አለ፤ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት።

«ያየሁት ይሄን ነበር» አለች። «ሦስት ጊዜ ደገምኩ፣ ያው ነው። አንተ ካስተማርከን ቁጥር ጋር አልገጠመም። እጄ ተሳስቷል ብዬ ሰረዝኩ።»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡሬት ይዛ፣ ሦስት ጊዜ፣ አንድም ነጥብ አልሳተችም። የሳትኩት እኔ ነኝ።

«ትክክል ነበርሽ» አልኳት።

ፊቷ በራ። ሻንጣዋን ከመሬት አነሳች።

«እንግዲያ ነገ ወደ ዩኒቨርሲቲው ልመለስ?» አለችኝ።

እንደማይቀበሏት የነገርኳት እኔ ነኝ።