ቀትርን የፈራሁበት ዘመን

ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው ቀትር ላይ ቢገባባት ሕዝቡ ጥሏት የሄደ ይመስለዋል። ስድስት ሰዓት ካለፈ ከቀፊራ እስከ መጋላ የሱቅ በር ይቆለፋል፤ ጋሪ ነጂው ፈረሱን ኒም ዛፍ ሥር አስሮ ጋሪው ላይ ይጋደማል፤ የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻውን ይግላል። ለድሬ ልጅ ይህ የቀኑ ጣፋጭ ሰዓት ነው። ምሳ ይበላል፣ ሽርጥ ይታጠቃል፣ ከዚያ ወይ እንቅልፍ ነው ወይ ጫት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቆቹ እስኪከፈቱ ድረስ ማንም ማንንም አይፈልግም። አሁን ባረጀሁበት ጊዜ ከዚያች ከተማ አብልጦ የሚናፍቀኝ ይኸው ፀጥታ ነው። ያኔ ግን ሊገድለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊ ነበርኩ። መጋላ ውስጥ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የካኪ ሱሪ፣ ለሴቶቹ ደግሞ ድሪያ የሚሉትን ስስ ሰፊ ቀሚስ እሰፋለሁ። ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ ብዙም አልቆየም። አውሮፕላን ሲመጣ ጉድጓድ ውስጥ ተደራርበን ያሳለፍነው ሁሉ አልፏል፤ እኔን ጭረት እንኳ አልነካኝም። አንድ ቀን ነጋዴው በሩን ቆልፎ ምሳ ሲሄድ የቀረችኝን አንዲት የሱሪ እግር ልጨርስ ብዬ ቆየሁ። ጨረስኩና መኪናዬን አቆምኩ። መንገዱ ላይ አንድ ድምፅ የለም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ልቤ ያለምንም ምክንያት ይደልቅ ጀመር። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። በቃ ሞትኩ ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አልሞትኩም። በማግስቱ ግን በዚያው ሰዓት ተመልሶ መጣ፤ በሌላውም ቀን። ከዚያማ ፍርሃቱ እስኪመጣ ድረስ ፍርሃቱን እየፈራሁ መዋል ጀመርኩ። ሌላው ጊዜ ደግሞ ፍርሃትም የለ፣ ደስታም የለ። ፊቴን መታጠብ ዳገት ሆነብኝ። ስፌቱን ተውኩት፤ መኪናዬም በጋሪ ተጭኖ እቤት መጣና ማዕዘን ላይ አቧራ ይጠጣ ጀመር። ዛሬ ሬዲዮ ላይ ድባቴ የሚል ቃል እሰማለሁ። ያኔ ቃሉ አልነበረንም። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው አለች፤ ጎረቤት ጅን ነው አለ፤ ምድር ባቡር የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ስንፍና ነው ብሎ ጀመረና ቆይቶ ሙቀቱ ጭንቅላቱን ነክቶታል አለ።

በዚያ ላይ ዘመኑ ለጭንቀታም ሰው የሚመች አልነበረም። አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጠን ያ ነገር መጣብኝ። ተነሥቼ እየተጋፋሁ ወጣሁ። ከስብሰባ መካከል ተነሥቶ መውጣት ያኔ ትርጉም ነበረው። ሊቀመንበሩ ንግግሩን አቋርጦ፣ «ያ ጓድ ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ «ተቅማጥ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ቢቀመጥ ይሻልሃል?» አለ። ስብሰባው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ዳንኩ።

ያ ሽማግሌ የሟች አባቴ ጓደኛ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ፈረንሳዮቹን አለቆቹን በቋንቋቸው ሙሴ፣ ሙሴ፣ ጌታዬ፣ ጌታዬ ሲል ስለኖረ ሰፈሩ እሱኑ ሙሴ ብሎ ጠራው። አንቱ ማለት የሚገባኝ ትልቅ ሰው ነበር፤ ግን ድሬ ላይ አንቱታ እምብዛም ነው፤ ሙሴም አንቱ ሲሉት፣ «ቀበርከኝ እኮ» ብሎ ይቆጣ ነበር። ስለዚህ እዚህም አንተ እንዳልኩት ይቅር።

ያላየሁት መድኃኒት የለም። እናቴ በየማለዳው ጸበል ትወስደኛለች። አጥር የምንጋራት አሮጊት፣ ሁላችንም አዴ የምንላት፣ ደግሞ ከቁርስ በኋላ መጋላ ካሉ ሼህ ዘንድ ትወስደኛለች፤ እሳቸው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ይጽፉና አጥበው ውሃውን ያጠጡኛል። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ጾም ያላፈረሰች ሴት ናት፤ ግን አዴ እጄን ይዛ ስታወጣኝ ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። አዴም በመንገድ ላይ፣ «አብሽር ልጄ፣ የእሷም ውሃ ውሃ ነው፣ የኛም ውሃ ውሃ ነው፣ አላህ በፈለገው ያድናል» ትለኛለች። በሁለቱ መካከል ሆዴ ውሃ ብቻ ሆኖ ነበር። ያም ሆኖ እንደዚያ ዘመን ተወድጄ አላውቅም።

ትልቁ ሕክምና ግን የሙሴ ነበር። ከስብሰባው ማግስት መጥቶ፣ «ወሪያ፣ አንተ ልጅ፣ ሰው ብቻውን ሲሆን ነው ጭንቀት የሚገባው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ ነህ» አለኝ። ከዚያ በፊት ጫት የምቅመው ዓመት በዓል ወይም ሠርግ ሲሆን ነበር። ከዚያ በኋላ ምሳ በልቼ በየቀኑ እሱ ቤት በርጫ ላይ፣ ማለትም ለመቃምና ለጨዋታ በሚሰበሰቡት መካከል እቀመጣለሁ። ጡረተኛ የባቡር ሰዎች ናቸው። ምንጣፉ ላይ ትራስ ተደግፈው ባቡር አዋሽ ላይ እንዴት እንደቆመ፣ የትኛዋ ጅቡቲያዊት ለየትኛው ሾፌር እንዳለቀሰች ሲያወሩ እኔ እንባዬ እስኪወርድ እስቃለሁ። እነዚያን ከሰዓቶች ዛሬም ቢሰጡኝ እገባባቸዋለሁ።

ምሽት ላይ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ሲበተን ያ ነገር እጥፍ ሆኖ ይመጣል። እንቅልፍ ጠፋ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ኮቴ ስሰማ እበረግጋለሁ። ይህን ስነግራቸው አዘኑልኝና የተሻለ ጫት ይመርጡልኝ ጀመር። ሙሴ ከአወዳይ የመጣውን ራሱ እያገላበጠ፣ «ለስላሳውን ለልጁ ተዉለት» ይላል። ሲብስብኝ ይጨምሩልኛል፤ ሲጨምሩልኝ ይብስብኛል። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ሁለቱን ነገር አላገናኘም። ዓሣ ስለ ውሃ ምን ያውቃል?

በመጨረሻ ወንድሜ ቆረጠ። «ወሩ ሲያልቅ ካልተሻለህ ደጋ ያለው አጎታችን ጋ አደርስሃለሁ። ቀዝቃዛ አየር ታገኛለህ፣ ከብት ትጠብቃለህ» አለኝ። እናቴም ተስማማች። እኔ ስፌት እንጂ ከብት የት አውቃለሁ? ያቺ ከተማ ደግሞ ከነሙቀቷ፣ ከነአሸዋዋ፣ ከነሰዎቿ የቀረችኝ ነገር ነበረች። ከድሬ ከወጣሁ እንደማልመለስ፣ ከነበሽታዬ አንድ ጎጆ ውስጥ እንደምቀር እርግጠኛ ሆንኩ።

እናቴ ከመሄዴ በፊት ሐኪም ይየው ብላ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ኩባዊ ነው፤ የድሬ ልጅ የሆነ ነርስ ያስተረጉምለታል።

«ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም።»

«ታጨሳለህ?»

«አላጨስም።»

«ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?»

«ምንም የለም።»

እናቴ ምንም እንደሌለ በቤተ ክርስቲያኑ ማለች። ነርሱም የማውቀው ልጅ ነው፣ ምስክር ነኝ በሚል ሁኔታ ራሱን ነቀነቀ። ማናችንም አልዋሸንም። ሻይ ጠጣ ተብሎ ለሐኪም የሚነገርለት ሰው አለ? ጫትም ለኛ እንደዚያው ነበር። ሐኪሙ ክኒን ሰጠኝ፤ ምንም አልረዳኝም።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ምሳ ሰዓት ተቃርቦ ነበር። ነርሱ ለከሰዓት ያዘጋጀው ጫት በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየና፣ ከተማው ሁሉ ታቅፎት የሚሄደው ይህ ቅጠል ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ነርሱ እየሳቀ አስረዳው። ሐኪሙ አልሳቀም። በጣቱ ወደኔ አመለከተ። «ይሄም ሰውዬ?» ማለቱ ሳይተረጎምልኝ ገባኝ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ። ነርሱም፣ «ጭንቀቱን ያመጣው እሱ ላይሆን ይችላል፤ ግን እያባሰው ነው ይላል። ተወው፣ ማለዳ ማለዳ በእግርህ ሂድ፣ ሥራህን ጀምር ይላል» አለኝ። ቀጠለና ቀስ ብሎ፣ «ያለው አንተን ነው፣ እኔን አይደለም» ሲል ጨመረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሳያውቅ የደበቀስ?

ጫቱን መተው አልከበደኝም። የከበደኝ ለሙሴ መንገር ነው። ከበርጫ የወጣ ሰው ድሬ ላይ ወይ ተጣልቷል ወይ ኮርቷል። ሄጄ በራፉ ላይ ቆሜ ሐኪሙ ያለውን ነገርኩት። ሙሴ እጁ ላይ የነበረውን የጫት እንጨት ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። «እኔ ነኝ ያሳመምኩህ ማለት ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። «ለስላሳውን መርጬ መርጬ…» ብሎ አቋረጠ። ይህን ሰው ካላስቀየምኩ መዳን አልችልም ማለት ነው ብዬ ተናድጄ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ቀትር መጣ። እናቴ ተኝታለች፣ ሰፈሩ ተኝቷል፣ እኔ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ልቤን አዳምጣለሁ። ይህን ሰዓት ከእንግዲህ ያለ ሰው ነው የማሳልፈው። ላብ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ በሩ ተንኳኳ። ሙሴ ነው፤ በዚያ ፀሐይ ከዘራውን ይዞ፣ ሽርጡን ታጥቆ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት ደንግጬ።

«ምን እሆናለሁ? ላወራህ መጣሁ» አለና ዱካ ስቦ ተቀመጠ።

«በርጫውስ?»

«የዚህ አገር ባቡር ስንቱን ሰዓት ይዘገያል፤ እኔ ሙሴ ትንሽ ብዘገይ ምን ይለኛል? እስከ ዘጠኝ አንተ ጋ ነኝ። በል አቦ፣ ያንን መኪና አቧራውን አራግፍ፣ ይሄ ሽርጥ ጫፉ ተተርትሯል።»

ጫት የለመደ ሰው ሰዓቱ ሲያልፍበት ምን እንደሚሆን የማያውቅ ይህን ነገር አይረዳውም። ሐራራ ይሉታል። ሙሴ ያዛጋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ትከሻውን ያክካል፣ በትንሹ ይቆጣል። «ስፌቱ ጠመመ!» ይለኛል ያልጠመመውን። እኔም ጭንቀቴ ሲመጣ እንዳልተንቀጠቀጥኩ ለማስመሰል ጎንበስ እላለሁ። ሁለት በሽተኞች ነበርን፤ አንዳችን አንዳችንን እየጠበቅን። ፍርሃቱ አልጠፋም። ግን ሙሴ እያዛጋ በተቀመጠበት ቤት ውስጥ ሰው ይሞታል ብሎ ማመን እየከበደኝ ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ የሱቅ መዝጊያ ሲንኳኳ ከዘራውን አንሥቶ፣ ሳይሰናበተኝ፣ በዚያ ዕድሜው ሊሮጥ ምንም ሳይቀረው ይሄዳል። በየቀኑ መጣ።

ወሩ ሲያልቅ ወንድሜ እንዳለው በቀትር መጣ። እኔ መኪናው ላይ ሆኜ ለአዴ ድሪያ እሰፋለሁ። ሙሴ ዱካው ላይ ሆኖ ዓይኑ ቀልቶ ያዛጋል። ወንድሜ ሙሴ ሥር ያደገ የባቡር ሰው ነው፤ በዚያ ሰዓት ሙሴን ከምንጣፉ የሚያስነሣ ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ ያውቃል። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀና፣ «እንዲህ ከሆነማ ደጋው ይቅር» አለ።

ጭንቀቱ እስካሁን አልፎ አልፎ ይጎበኘኛል፤ ተለማምደናል። ሙሴ ያረፈው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ለቅሶው ላይ ከዚያ በርጫ የቀረ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ያንተ ወር እንዴት አድርጎ አሰቃየን መሰለህ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

«በርጫ ያለ ዱዓ አይከፈትም። ዱዓውን የሚያደርገው ሙሴ ነው። እኔን አትጠብቁኝ ብሎ ነበር፤ እምቢ አልነው። ወላሂ፣ ሁላችንም ጫታችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን፣ እያዛጋን፣ አንተን እየሰደብን፣ አንድ ቅጠል ሳንቀጥፍ እስኪመለስ እንጠብቀው ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልነገራችሁኝም?»

«ብትሰማማ ሰው አስቸገርኩ ብለህ ተመልሰህ ትመጣለህ። ከመጣህ ደግሞ ትቅማለህ።»

ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ። ለቅሶ ላይ ስለነበርን ምክንያቱን የጠየቀኝ ሰው የለም።