እህቴን የጠየቁ ቀን

የእጅ አልኮል ሽታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ትናንት ቸርችል ጎዳና ላይ መድኃኒት ቤት ገብቼ፣ ሻጯ እጇን ስታሽ ሸተተኝና የመጣሁበትን ሳልገዛ ወጣሁ። ያ ሽታ እሪ በከንቱ ሰፈር በነበረው፣ አሁን በፈረሰው ቤታችን ውስጥ፣ የታላቅ እህቴ ክፍል ሽታ ነው።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እህቴ የደም ካንሰር ይዟት የመጀመሪያውን ዙር መድኃኒት ወስዳ ቤት ገባች። ሐኪሟ እናቴንና እኔን አስቀምጦ፣ "ነጭ የደም ሴል የሰውነት ዘበኛ ነው። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ ዘበኞቹንም ጨርሷቸዋል። እስኪተኩ ድረስ ተራ ጉንፋን ሊገድላት ይችላል፤ ጠያቂ እንዳይገባ" አለን። እናቴ በሩን እንድጠብቅ ለእኔ ሰጠችኝ። የበሩን እጀታ ሳይቀር በአልኮል እወለውል ነበር።

ሰፈር ግን ይህን ይሰማል? ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል። "ተኝታለች" ስል "ስትነሳ እናያታለን" ብሎ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። አንዷ መስኮቱ ሥር ቆማ "ምን የሚደበቅ በሽታ ቢሆን ነው?" ስትል እህቴ ሰማች። የከሰዓት ፀሐይ አልጋው ላይ አርፋ ነበር፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሁንም ሳስበው እበግናለሁ።

በዘጠነኛው ቀን የክርስትና እናቷ መጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያስላሉ።

"እትዬ፣ ሐኪሙ ከልክሏል፤ እርስዎ ደግሞ ጉንፋን ይዞዎታል" አልኳቸው።

"ብርድ ነው የመታኝ። ክርስትና ያነሳኋትን ልጅ ከደጅ ልትመልሺኝ ነው?"

እናቴ ከጓዳ ሰማች። "ተይ፣ ይግቡ። ኋላ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" አለች። ለይሉኝታ ስትል! እኔም በሩን ለቀቅኩ። ገብተው ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጀመራት፤ ሳምንት እንኳ አልቆየችም። ለቅሶው ላይ ሁሉም "የእግዜር ፈቃድ ነው" ይሉ ነበር። የእግዜር አይደለም፣ የእኛ ሥራ ነው ብዬ መጮህ ፈልጌ ዋጥኩት። እናቴን ለዓመታት ተቀየምኳት። የክርስትና እናቷን ዛሬም መንገድ ላይ ሳያቸው ተሻግሬ አልፋለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ሲስሟት እህቴ አንገታቸውን አቅፋ አልለቅም አለች። ለሳምንታት ያልሰማሁትን ሳቋን ሳቀች። እኔ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በሩን ስጠብቅ፣ አንዴ እንኳ እጇን አልያዝኳትም ነበር።